ጨው፣ አዮዲንና እንቅርት

መከራ በመከራ ላይ ለተደራረበበት ሰው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይባላል። ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ምናልባትም በድርሰታችሁ ውስጥ ተጠቅማችሁበታል። ይሁን እንጂ አባባሉ ከምን እንደ መነጨ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ሕዝብ ምሳሌ የሚያደርገው ዘወትር የሚያየውን ነገር ነው። እንቅርት ወደ ምሳሌያዊ አነጋገር ሊገባ የቻለው በአገራችን፣ በተለይም በደጋው ክፍል፣ እጅግ የተለመደ በሽታ ስለ ነበረ ነው። የበሽታው ዋነኛ መንስኤ የአንድ ንጥረ ነገር እጥረት ነው። መከላከያውም በየቤታችሁ ጓዳ፣ በጨው ዕቃ ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን ጨው ሁሉ አንድ አይደለም፤ አያያዙም እንዲሁ።

ንጥረ ነገሩ አዮዲን ይባላል። በ1811 እ.ኤ.አ. ቤርናር ኩርቷ የተባለ ፈረንሳዊ ለባሩድ መሥሪያ የሚሆን ቅመም ከባሕር አረም አመድ ሲያዘጋጅ፣ በአመዱ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ቢያበዛበት ሐምራዊ እንፋሎት ሲወጣ አየ። እንፋሎቱም በቀዘቀዘ ጊዜ ጥቁርና አንጸባራቂ ቅንጣት ሆነ። ስሙ የተወሰደው ከእንፋሎቱ ቀለም የተነሣ ሐምራዊነትን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። አዮዲን ከብረታ ብረት ወገን አይደለም፤ አቶማዊ ቁጥሩ 53 ነው። በአልኮል የተሟሟው አዮዲን ቁስል ለማጽዳት እንደሚያገለግል ታውቁ ይሆናል። ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን በሰውነታችን ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው።

በጉሮሯችን ፊት ለፊት ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ይህ ዕጢ የሰውነትን እድገትና የኃይል አጠቃቀም የሚቆጣጠር ቅመም ያመነጫል፤ ቅመሙም ያለ አዮዲን አይሠራም። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም ያህል ነው። አንድ ግራም አንድ ሚሊዮን ማይክሮ ግራም መሆኑን አስታውሱና አስሉት፤ ለ70 ዓመት ዕድሜ የሚያስፈልገው በድምሩ 4 ግራም እንኳ አይሞላም። ይህ ጥቂት ነገር ሲጎድል ዕጢው ያለውን አዮዲን ሁሉ ለመሰብሰብ ሲጥር ያብጣል። እብጠቱም እንቅርት ይባላል።

እጥረቱ በተራራማ አገር የሚበረታው ዝናብና ጎርፍ ለብዙ ሺህ ዘመናት የአፈሩን አዮዲን እያጠቡ ወደ ባሕር ስለ ወሰዱት ነው። በተራቆተ አፈር ላይ የበቀለ እህልም አዮዲን ያንሰዋል። ስለዚህ እንቅርት የስንፍና ወይም የእርግማን ምልክት አይደለም።

በመምህርነት ባገለገልሁበት ዘመን፣ በአንድ የደጋ ከተማ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ብርድም ሆነ ሙቀት ነጠላዋን ከአንገቷ አታወርድም፤ ወደ ሰሌዳ ስጠራትም ትሸማቀቅ ነበር። ጓደኞቿ በእንቅርቷ ምክንያት ቅጽል ስም እንዳወጡላት የተረዳሁት ትምህርቷን ካቋረጠች በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር ሳስተምር በመግቢያዬ የጠቀስሁትን አባባል በሰሌዳው ላይ የጻፍሁት እኔ ራሴ ነበርሁ። ምን ያህል እንዳሳፈርኋት ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

ሆኖም በአንገት ላይ የሚታየው እብጠት የጉዳቱ አነስተኛው ክፍል ነው። ትልቁ ጉዳት አይታይም። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በብርቱ ሲያንሳት ፅንሱ ሊጨነግፍ፣ ወይም ሕፃኑ መስማት የተሳነውና አእምሮው ያልዳበረ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። እጥረቱ መለስተኛ ቢሆንም እንኳ የልጁን የመማር ችሎታ ይቀንሳል። ሰነፍ ተብሎ የሚገረፍ ስንት ልጅ ይኖር ይሆን፣ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን ገና ሳይወለድ የጎደለው አዮዲን የሆነ?

መድኃኒቱ ከታወቀ ቆይቷል። ድሃም ሀብታምም በየቀኑ የሚመገበው ጨው ስለ ሆነ፣ አዮዲንን በጨው ውስጥ መጨመር ስዊዘርላንድ በ1922፣ አሜሪካ በ1924 እ.ኤ.አ. ጀመሩ። በእኛ አገር ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ለብዙ ዘመን የገንዘብን ያህል ያገለገለ ክቡር ነገር ቢሆንም አዮዲን አልተጨመረበትም። ዛሬ የአገሪቱ ጨው በብዛት የሚመረተው በአፍዴራ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብም ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያዛል።

አንዳንዶች «አባቶቻችን አሞሌ ልሰው ኖረዋል፤ ምን ጎደለባቸው?» ይላሉ። መልሱን የሰጡን አባቶቻችን ራሳቸው ናቸው፤ በሽታውን ባያዩት ኖሮ ምሳሌ ባላደረጉት ነበር። ሌሎች ደግሞ ደንቡ ከወጣ ጉዳዩ እንዳለቀ ያስባሉ። ይህም ስሕተት ነው። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ብዛት ይጠፋል። በገበያ ላይ በማዳበሪያ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው የዋለ፣ በቤትም ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ጨው ጣዕሙ ሳይለወጥ ጥቅሙ ይቀንሳል። ደንብ እስከ ጓዳችን ድረስ ገብቶ የጨው ዕቃ አይከድንልንም።

እንግዲህ ይህን ትምህርት ወደ ቤት የማድረስ ኃላፊነት የእናንተ ነው እላለሁ። ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለበት መሆኑን በማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆችም አንብቡላቸው። በደረቅ ዕቃ ከድናችሁ፣ ከፀሐይና ከእሳት አርቃችሁ አስቀምጡት። አትጠቡት። ወጥ ውስጥ የምትጨምሩትም ሊወርድ ሲል ይሁን። የሚያስፈልገው አዮዲን ያለበትን መምረጥ እንጂ ጨው ማብዛት አይደለም፤ የጨው ብዛት የደም ግፊትን ያመጣል። እንቅርት ያለበትን ሰውም ወደ ሐኪም እንዲሄድ ምከሩት እንጂ አትሳቁበት።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላል ሌላው ተረታችን። የዘመናችን ጨው ግን መጣፈጡ ብቻ አይበቃውም። የሚጣፍጥ ሆኖ ሳለ ጥቅሙ ያለቀበትን ጨው ምላስ አይለየውም፤ የሚለየው ዕውቀት ነው።