የባንኮክ ቤተ መቅደሶችና ደጃፍ ላይ የሚጠብቀው ቱክቱክ

ባንኮክ የታይላንድ መናገሻ የሆነችው በ1782 እ.ኤ.አ. ነው። ቀዳማዊ ራማ ዙፋናቸውን ከቻው ፕራያ ወንዝ ምሥራቅ ዳር ተክለው ታላቁን ቤተ መንግሥት ማሠራት የጀመሩት በዚያው ዓመት ሲሆን፣ የአገሬው ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚያከብረው የዋት ፕራ ኬው ቤተ መቅደስም በዚሁ ቅጥር ውስጥ ይገኛል። በውስጡ ያለው ከአረንጓዴ ድንጋይ የተጠረበ ቡድሃ ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ወቅት ሲለወጥ ልብሱን የሚቀይርለት ንጉሡ ነው። ከቤተ መንግሥቱ በስተደቡብ ዋት ፖ አለ። እዚያ በጎኑ የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል፤ በውስጥ እግሩ ላይ 108 ምልክቶች በሉል ዛጎል ተለብጠውበታል። ከጀርባው ግድግዳውን ይዘው 108 የነሐስ ሳሕኖች ተደርድረዋል፤ ጎብኚው በየሳሕኑ አንዳንድ ሳንቲም እየጣለ ሲያልፍ ድምፁ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ጫማ ደጅ ይወልቃል፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ ለኢትዮጵያዊ ምእመን ይህ እንግዳ ሥርዓት አይደለም።

ከዋት ፖ እስከ ታ ቲየን የጀልባ ማቆሚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በጥቂት ባት (የታይላንድ ገንዘብ) የሚያሻግረው ጀልባ ዋት አሩን ደጃፍ ያደርሳል። ከሩቅ ነጭ የሚመስለው የዋት አሩን ማማ ሲጠጉት በአበባ የተዋበ ነው፤ አበባው ሁሉ ከቻይና ሸክላ ስባሪ የተገጣጠመ ነው። ሦስቱንም በአንድ ቀን በእግርና በጀልባ ማዳረስ ይቻላል። ሾፌር የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።

ሾፌሩ ግን ይመጣል። በቤተ መንግሥቱ አጥር ዙሪያ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ እንግሊዝኛው የቀና ደላላ እንግዳውን በትሕትና ያስቆምና ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቀዋል። «ዛሬ በዓል ስለሆነ ዝግ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይከፈታል» ይለዋል። እስከዚያው ሌሎች ቤተ መቅደሶችን በ20 ባት የሚያዞር ቱክቱክ፣ ማለትም በእኛ አገር ባጃጅ የሚባለው ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ፣ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። ጉዞው አንድ ሁለት ቤተ መቅደስ አሳይቶ የጌጥ ድንጋይ ሱቅ ወይም ልብስ ስፌት ቤት ላይ ያርፋል። ሱቁ ውስጥ ያለው ሻጭ የመንግሥት ቅናሽ ዛሬ እንደሚያበቃ፣ ድንጋዩም በገዢው አገር በእጥፍ እንደሚሸጥ ይምላል። ታይላንድ እውነተኛ የሩቢና የሰንፔር ገበያ ያላት አገር መሆኗ ወሬውን ታማኝ ያስመስለዋል። ብዙ እንግዳ ዋጋው ከከፈለው እጅግ የሚያንስ ድንጋይ ይዞ የሚመለሰው እንዲህ ነው።

20 ባት የነዳጅ ወጪ እንኳ አይሸፍንም። ሾፌሩን የሚያኖረው ሱቁ የሚሰጠው የነዳጅ ኩፖንና ኮሚሽን ነው፤ እንግዳው ምንም ባይገዛ እንኳ ሱቁ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ከወጣ ኩፖኑ ይከፈላል። ሾፌሩ «ግድ የለም፣ ገብተህ ብቻ እይ» እያለ የሚወተውተው ለዚህ ነው። ከሾፌሮቹ ብዙዎቹ ተሽከርካሪውን በቀን ኪራይ የያዙ ናቸው፤ ኪራዩን ሳያሟሉ ቤታቸው መግባት አይችሉም። የሚዋሸው ሰው ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ ዋናው ጥፋት ግን ከፋዩ ሱቅ ዘንድ ነው። በአጥሩ ላይ «የማያውቁትን ሰው አይመኑ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ጥሩ ነው፤ ኩፖን የሚያድለው ሱቅ ፈቃዱን እስካልተነጠቀ ድረስ ግን ደላላው ነገም እዚያው ይቆማል።

የሚያስመሰግን ሥራም ተሠርቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሳናም ቻይ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ከዋት ፖ አጠገብ ያወርዳል፤ የባቡሩ ዋጋ የታወቀ ስለሆነ ክርክር የለበትም። ታክሲዎችም ሜትር አላቸው፤ ሾፌሩ ሜትሩን አልከፍትም ካለ ወርዶ ሌላ መያዝ ነው። ቱክቱክ መንዳት ያማረው ሰው ከመሳፈሩ በፊት ዋጋውን ይቁረጥ፣ ሱቅ አልገባም ብሎም አስቀድሞ ይናገር።

ለሕክምናም ለንግድም ወደ ባንኮክ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ በመካከል የሚያገኙትን ነፃ ቀን ደላላ ሊበላባቸው አይገባም። ታላቁ ቤተ መንግሥት ለንጉሣዊ ሥርዓት ካልተዘጋ በቀር በየቀኑ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 9፡30 ትኬት ይሸጣል። ክፍት ይሁን ዝግ የሚታወቀው ትኬት መሸጫው መስኮት ላይ ነው። የቱሪስት ፖሊስ ስልክ 1155 ነው።