ከምረቃው በኋላስ ማን ይቆማል?

በቋንቋችን ተማሪም ይመረቃል፤ ሕንፃም ይመረቃል። ለሁለቱም ድንኳን ይተከላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በማግሥቱም ሁለቱም ይረሳሉ። ተማሪው ግን አፍ አለውና ሥራ አጣሁ ብሎ ይጮኻል። ሕንፃው የሚጮኸው በግድግዳው ስንጥቅና በሚያፈሰው ጣራው ነው። ያንን ጩኸት ሰምቶ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ በጀት የሚጠይቅ፣ ግንበኛና ቧንቧ ሠራተኛ የሚያሰማራ ሰው ለመሆን ከመካከላችን የሚያስብ ማነው?

ይህን ጥያቄ በአርት ፋኩልቲ ለሚገኙ ጓደኞቼ ባቀርብላቸው ሳቁብኝ። አንዱ አምባሳደር፣ ሁለተኛው ጋዜጠኛ፣ ሦስተኛው የመሥሪያ ቤት ዳይሬክተር ለመሆን ያስባል። «አራት ዓመት ሙሉ የተማርከው ቁልፍ ያዥ ልትሆን ነውን?» አሉኝ። የሚኖሩበት የመኝታ ቤት ሕንፃ ተመርቆ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሦስተኛው ፎቅ ቧንቧ ደርቋል፤ በባልዲ ውሃ እየተሸከሙ ደረጃ ሲወጡ አያቸዋለሁ። ያም ሆኖ የሚሥቁት በቁልፍ ያዡ ላይ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሥፍራ ልጥቀስ። ሽንፋ በመተማ በኩል፣ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ወደ ሱዳን ድንበር የምትገኝ የሰሊጥና የጥጥ አገር ናት። ስሟን የወረሰችው ወንዝ ድንበር ሲሻገር ራሃድ ይባላል፤ ዞሮ ዞሮ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ከዩኒቨርስቲያችን ወጥቶ እዚያ መመደብ ብዙዎቻችን እንደ ግዞት እንቆጥረዋለን። እኔ ግን የግንባታ መሪ መሆን የሚሻ ወጣት ከሽንፋ የተሻለ መምህር አያገኝም እላለሁ።

አራት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በሽንፋ አሠራ ተብለህ ታዘዝክ እንበል። ሥራውን መቼ ትጀምራለህ? በክረምት አይሆንም። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ የጭነት መኪና ይውጣል። ጥቅምትና ኅዳር ደርቋል ብለህ ብትነሣ ደግሞ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው። ሰሊጥ ጊዜው ካለፈ ከራሱ ላይ ይረግፋልና ባለ እርሻው ለአጫጁ የሚከፍለውን አንተ በጀትህ ውስጥ አታገኘውም። የቀረህ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። በዚያን ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ወንዙም ፍሰቱን አቁሞ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት በወጣ ጥናት፣ የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ በዚሁ በሽንፋ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች በበጋ ከሚቀሩት ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ይመገቡ እንደ ነበር ተገልጿል። እነሱ የወንዙን ጠባይ አውቀው ኑሮአቸውን ከወራቱ ጋር አስማምተው ነበር። የእኛ የሥራ ፕሮግራም ግን አዲስ አበባ ተዘጋጅቶ፣ ለደብረ ብርሃንም ለሽንፋም አንድ ዓይነት ሆኖ ይላካል።)

የኩሬው ነገር ለአሣሪው ተራ ወሬ አይደለም። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ ሊጠጣ ይገባዋል፤ በቆላ ሙቀት ሳይጠጣ ከደረቀ ላዩ ይሰነጣጠቃል፣ ጥንካሬውም ይጎድላል። ከብቱና ሰዉ ከአንድ ኩሬ በሚጠጡበት ወር ለአርማታ ውሃ ከየት ይመጣል? ይህን ሳያስብ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ውሃ ማጠጣቱን ነው፤ ምክንያቱም በምረቃው ቀን ማንም አያየውም። መሠረቱም እንደዚሁ ነው። ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ወይም ከዋልካው በታች እስከ ጠንካራው መሬት መውረድ፣ በቤቱ ዙሪያም የዝናቡ ውሃ ወደ መሠረቱ እንዳይሰርግ ማድረጊያና ቦይ መሥራት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይበላል፣ ተሠርቶ ሲያልቅም አይታይም። የተቆፈረው ጉድጓድ ክፍቱን ከተተወ ደግሞ ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁርና የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚመራ ሰው መሐንዲስ ብቻ ነውን? ስለ ብረቱና ስለ ምሰሶው ስሌት፣ አዎን፣ መሐንዲሱ ይናገር፤ ሳይማር ፕላን ላይ የሚፈርም የአርት ተማሪ ቢገኝ እኔ ራሴ እከሰዋለሁ። ነገር ግን የአጨዳውን ወር ማወቅ፣ ከአገር ሽማግሌ ጋር ስለ ውሃው መስማማት፣ ውሉን አንብቦ ተቋራጩን በወቅቱ በደብዳቤ ማስጠንቀቅ፣ የዕለት መዝገብ መያዝ፣ የካቦውንና የግንበኛውን ጠብ ማብረድ፣ ይህ ሁሉ ስሌት አይደለም። ብዙው ሥራ የሚበላሸው ደግሞ በዚህ በኩል ነው። ሲሚንቶ ሲወደድ የዋጋ ማስተካከያ ጥያቄ ይመጣል፤ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ይከርማል፤ ተቋራጩ ሠራተኛውን ይበትናል፤ ግድግዳው ግን ያለ ጣራ ክረምት ይገባበታል። ታሪክና ሕግ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ዋጋ የለውም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ስለ ርክክብም ልናገር። ሕንፃ አልቆ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ከዚያ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ቆይቶ የመጨረሻው ይፈጸማል። በመካከሉ የሚታየውን ጉድለት ተቋራጩ በራሱ ወጪ ያድሳል፤ ለዚህም የተያዘበት ገንዘብ አለ። ይህ አንድ ዓመት ለሽንፋ ዋልካ የተፈጠረ ይመስላል፤ አንድ ክረምት ያብጣል፣ አንድ በጋ ይሰነጠቃል፣ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ተመልሶ የሚያየው ሰው ቢኖር! ነገር ግን ሪባኑ ተቆርጧል፤ ርእሰ መምህሩ ምን መጠየቅ እንደሚገባው የነገረው የለም፤ ዓመቱ ያልፋል፣ ገንዘቡም ይለቀቃል። በሦስተኛው ዓመት ስንጥቁን ለማደስ ከየት በጀት ይምጣ? ለአዲስ ሕንፃ ገንዘብ ማስፈቀድ ይቀላል፤ ለጥገና የጠየቀ ግን እንደ ለማኝ ይታያል።

ይህ በትንንሹ ሥራ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። የግልገል ጊቤ ሁለተኛው የመብራት ኃይል ማመንጫ በጥር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ውሃውን የሚወስደው ዋሻ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ከምረቃው በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰና ሥራው ለወራት ቆመ። ያንን ዋሻ ያደሱትን ሰዎች ስም ከመካከላችን የሚያውቅ አለን? የምረቃውን ፎቶግራፍ ግን ሁላችንም አይተናል።

ከዚህ ሙያ ስሙ በሕዝብ አፍ የገባ አንድ ሰው አለን፤ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ። የተወለዱት ከጎንደር ከተማ ብዙ በማትርቀው በማክሰኚት ነው። ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅነት የደረሱት በአንድ ጊዜ በሹመት ደብዳቤ አይደለም። በመብራት ኃይል ማሠልጠኛ ጀምረው፣ አስተምረው፣ በግልገል ጊቤ ግንባታዎች በኃላፊነት ሠርተው ነው። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ፤ እሳቸው ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. አረፉ፤ ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሰው የሚያለቅስላቸው በአሟሟታቸው ነው፤ ተገቢ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በፊት ያሉት፣ ማንም ያልዘመረላቸው፣ በቆላ በረሃ ከሠራተኛ ጋር ያለፉት ዓመታት ናቸው። መሪነትን የምንመኝ እኛ እነዚያን ዓመታት ዘለን ወንበሩን እንፈልጋለን።

መንገድ የለም እንዳይባል፣ መንገዱ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሥር አርክቴክቸርና የሕንፃ ግንባታን ያስተምራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 «የሕንፃ ሹም» የሚባል ኃላፊ እንዲኖር ደነገገ፤ ሹመት ለሚወዱ ጓደኞቼ እነሆ ሹመት! በየዩኒቨርስቲውና በየሆስፒታሉም «ጠቅላላ አገልግሎት» የሚባል ክፍል አለ። ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ያልተፈለገ ሰው የሚዛወርበት ሆኖ ኖሯል፤ የውሃውን፣ የመብራቱን፣ የጣራውንና የመጸዳጃውን ዕጣ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ሆስፒታል ሐኪም ኖሮት ውሃ ከሌለው ምን ይሠራል?

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርስቲ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይሄዱ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። ብዙ ተማርሮበታል፣ ተከራክሮበታልም፤ አገሩን ግን አየ። እኛ ያንን ያህል የሚያስገድደን የለም። ስለዚህ ማኅበራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት ነገር እንዲጠይቅ አሳስባለሁ። አንደኛው፣ ዩኒቨርስቲው ለጥገና የመደበው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነና በምን ላይ እንደ ዋለ ለተማሪው ይገለጽ። ሁለተኛው፣ ከየፋኩልቲው ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ከጥገና ሠራተኞች ጋር እንዲውሉ ይፈቀድ፤ ከሦስተኛው ፎቅ ቧንቧ መጀመር ይቻላል።

ስብሰባውን መጠበቅ የማይፈልግ ካለ ደግሞ የጥገና ክፍሉ ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ነው፤ ጧት በሁለት ሰዓት ይከፈታል።