የወጥ ቤት ሙቀትና የሠራተኛው ዝምታ

ምግብ ቤት ገብተን ምሳችን ጥቂት የዘገየብን እንደ ሆነ አሳላፊውን በጭብጨባ ለመጥራት እንፈጥናለን። ከግድግዳው በስተኋላ በምጣድ ፊት የቆመችው ሴት በምን ያህል ሙቀት ውስጥ እንዳለች ግን እምብዛም አናስብም። ስለዚህ ጉዳይ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ያወጣው ደንብ ሊመረመር ይገባዋል፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በተባለው ሰፈር በምግብ ቤት ሥራ የሚተዳደሩትን ወገኖቻችንንም ይነካልና።

ደንቡ ከሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ አስቀድሞ በሜዳ ለሚሠራው የነበረውን ጥበቃ ቤት ውስጥ ለሚሠራውም አደረሰለት። የቤቱ ሙቀት 82 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 28 ሴንቲግሬድ ሲደርስ አሠሪው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በነጻ ማቅረብና ቀዝቀዝ ያለ ማረፊያ ማዘጋጀት ግዴታው ነው። ሙቀት የበረታበት ሠራተኛም ከ5 ደቂቃ ያላነሰ ያርፋል። 87 ከደረሰ ቤቱን ማቀዝቀዝ፣ ይህ ባይቻል ሠራተኞችን ማፈራረቅ ይከተላል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ባለቤቲቱ «እትዬ» የምትባል፣ ምናልባትም ሠራተኛዋን በዝምድና ያስጠጋች በሆነች ጊዜ «ሙቀቱ በረታብኝና ልውጣ» ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል? በእኛ ዘንድ ችሎ ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ የሚያጉረመርም ሰነፍ ይባላል። ደግሞም በምሳ ሰዓት አንዱ ሲወጣ ሸክሙ የሚወድቀው በባልደረባው ላይ ስለ ሆነ፣ የሚፈራው የባለቤቲቱ ፊት ብቻ አይደለም። ደንቡ አሠሪው ዕረፍትን እንዲያበረታታ ቢያዝም፣ ነገሩ በጠያቂው ድፍረት ላይ እስከ ቆመ ድረስ አይፋ ሰው አይጠቀምበትም። ዋናው ወጥ ሠሪ ራሱ ቀድሞ ወጥቶ ቢያርፍ፣ የሌሎቹም ተራ በሰዓት ቢደለደል ግን ማንም ማንንም ሳይለምን ያርፍ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው አዲስ ገብ ነው። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስለ ሆነ፣ ደንቡ አዲሱን ሠራተኛ 14 ቀን በቅርብ መከታተል ያዛል። ከትምህርት መልስ ሰሃን ለማጠብ የተቀጠረ ወጣት ጉልበቱን ለማሳየት የሚጣደፈው ግን በእነዚሁ ቀናት ነው!

ጥም ሳይመጣ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት፣ እርጥብ ጨርቅ በአንገት ላይ መጣል፣ ሽንኩርቱን በማለዳ ማቁላላት፣ ሥራ የፈታውን ምጣድ ማጥፋት፣ የጢስ መሳቢያውን ቅባት ማጽዳት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ማራገቢያ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አየሩ ከሰውነት ይልቅ በጋለ ጊዜ ግን የሚነፍሰው ትኩሳትን ነው። አንደበቱ የተሳሰረ ወይም ግራ የተጋባ ሠራተኛ ሲታይም ፈጥኖ ውሃ እያፈሰሱ ማቀዝቀዝና ሐኪም መጥራት እንጂ «ይለፍልሃል» ማለት አይገባም።

አሠሪው ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛና አብዛኞቹ ሠራተኞች በሚያውቁት ቋንቋ ጽፎ እንዲያኖር ደንቡ ያዛል። እንግዲህ ወጥ ቤቱን የሞሉት አማርኛ ተናጋሪዎች ከሆኑ ወረቀቱ በአማርኛ ሊገኝ ይገባል ማለት ነው፤ ተርጓሚውም ያው ሰሃን አጣቢው ተማሪ ሳይሆን አይቀርም።