በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!
ተረቱ ለጎንደር ደጋ ሰው ተረት አይደለም። ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚል ደንብ በ2003 ዓ.ም. ቢወጣም እንቅርት ዛሬም አለ። እሺ፣ በኦፕራሲዮን ወጣ እንበል። ከታይሮይድ እጢ ጀርባ የተለጠፉት አራት ጥቃቅን እጢዎች ግን የደም ካልሲየም ጠባቂዎች ናቸው። እነሱ ከተጎዱ ካልሲየም ይወርዳል፤ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ እጅ ይኮማተራል፣ ሲብስም ያንፈራግጣል። ቫይታሚን ዲ ቀድሞ ያነሰው ሰው ደግሞ ይብስበታል። «ፀሐይ ሞልቶን!» እንዳይባል፣ ደገኛው በብርዱ ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚውለው።

ታዲያ ከደባርቅ የመጣች እናት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ምርመራ፣ ስትወጣ ኪኒን፣ «ጣትሽ ከደነዘዘ ቶሎ ተመለሺ» የሚል ምክር አይገባትም? አለዚያ አገሯ ገብታ ስትንፈራገጥ «ለክፏት ነው» ይባላል። ሹማምንት ሆይ! ሆስፒታል አስመረቅን ከምትሉን፣ ኪኒኑ መኖሩን ንገሩን።