ማኅተም መቺውና ብርድ ልብስ ሻጩ፦ ማን ነው የባከነው?

«ሥራ ያጣ መነኵሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላሉ አባቶቻችን። መነኵሴው ቢያንስ የሚቀደው የራሱን ቆብ ነው። የዘመናችን ሹመኛ ግን የሕዝቡን ቆብ ይቀዳል፤ ከቀደደም በኋላ ለመስፊያው ደመወዝ ይጠይቃል፣ ረዳት ይቀጥራል፣ በረዳቱም ላይ ተቆጣጣሪ ይሾማል።

ይህን ጽሑፍ ያስነሣው አንድ የተለመደ ሙሾ ነው። የጀፕ ስም በተነሣ ቍጥር በአገር ቤትም በውጭም ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «ስንቱ የተማረ ልጅ ዮሐንስበርግ ላይ ብርድ ልብስ ሲሸጥ ባከነ!» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጀፕ ከ2014 ወዲህ በራሒማ ሙሳ ስም በሚጠራው በቀድሞው የጀፕ መንገድ ዙሪያ ኢትዮጵያውያን ያቆሙት ገበያ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በአንድ ወቅት ሐኪሞች በሽተኛ ይቀበሉባቸው የነበሩ ፎቆች ዛሬ በጠባብ ሱቆች ተከፋፍለው መጋረጃ፣ ጫማና ብርድ ልብስ ይሸጥባቸዋል።

እኛ ሙሾው የተሳሳተ ሬሳ ላይ ተቀምጧል እንላለን። የአንድን ሥራ ከንቱነት የሚለይ አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፤ ሥራው ነገ ጧት ቢቀር ማን ይጎዳል? የጀፕ ባለሱቅ በሩን ቢዘጋ ከዚምባብዌና ከሞዛምቢክ በአውቶቡስ የመጣችው ነጋዴ ባዶ ሻንጣዋን ይዛ ትመለሳለች። ሎኬሽን ወርዶ በዱቤ የሚሸጠው ልጅ ቢቀር ሙሉ ዋጋውን ባንድ ጊዜ መክፈል የማትችለው እናት ክረምቱን በብርድ ታሳልፋለች።

ይህን ስንል ኑሮውን ማሞገሳችን አይደለም። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ መሸጥ፣ መዘረፍ፣ በግንቦት 2008 ከ60 በላይ ሰዎች ያለቁበትን ዓይነት የመጤ ጥላቻ መፍራት ክብር ያለው ሕይወት ነው የሚል ካለ እርሱ አላየውም። ነገር ግን መከራ ያለበት ሥራና ከንቱ ሥራ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጥበቃና መብት ይሻል፤ ሁለተኛው መቅረት ይሻል። ሙሾ አውጪዎቻችን ሁለቱን አምታትተዋል፤ ላብ ያለበትን «ብክነት»፣ ወንበር ያለበትን «ሥራ» ይሉታል።

ከንቱ ሥራ ለማየት ከጀፕ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። እዚያው መኻል ከተማ በአልበርት መንገድ ቍጥር 80 አንድ ሕንጻ አለ። በአፓርታይድ ዘመን የይለፍ ወረቀት መሥሪያ ቤት ነበር። ጥቁሩ ሰው በገዛ አገሩ ከተማ ገብቶ ለመሥራት ወረቀቱን ማስመታት ነበረበት፤ ለዚህም መዝጋቢ፣ ማኅተም መቺ፣ ፋይል አመላላሽ፣ በየመንገዱ ወረቀት ጠያቂ ፖሊስ ተቀጠረ። ዛሬ የጀፕ መንገድ በስሟ የሚጠራው ራሒማ ሙሳ በነሐሴ 1956 ወደ ፕሪቶሪያ የተመመውን 20 ሺህ ያህል ሴቶች ሰልፍ ከመሩት አንዷ የሆነችው ይህን ወረቀት ተቃውማ ነው። ሕጉ በ1986 ተሻረ። «ማኅተሙ ናፈቀኝ» ያለ ሰው ግን አልተሰማም። በነሐሴ 2023 ያ ሕንጻ ቤት ያጡ ድሆች እንደ ተጠለሉበት ተቃጥሎ ከ70 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የጐደለው ቢሮ እንዳልነበረ፣ የጐደለው ቤት እንደ ነበረ ዓለም ሁሉ አየ።

እንግዲህ ከንቱ ሥራ ለምን ይኖራል? ሦስት ምክንያት እንጠቅሳለን።

አንደኛ፤ ከንቱ የሚሆነው ለሕዝቡ እንጂ ለአለቃው አይደለም። የአለቃ ትልቅነት በአጃቢ ብዛት ይለካል። ይህን እኛ ከደጅ ጥናት ዘመን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ እንግሊዛዊው ፓርኪንሰን ደግሞ በ1955 በቍጥር አሳይቶታል። ከ1914 እስከ 1928 የእንግሊዝ ታላላቅ የጦር መርከቦች ከ62 ወደ 20 ሲወርዱ፣ የባሕር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ሹማምንት ከ2,000 ወደ 3,569 ወጡ። መርከቡ ሲጠፋ ጸሐፊው በዛ!

ሁለተኛ፤ ያልተሠራ ሥራ ሌላ ሥራ ይወልዳል። የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ የ1998 ነው፤ በጽሑፍ ሲታይ መልካም ሕግ ነው። የጥገኝነት ጠያቂው ጉዳይ እስኪወሰን ድረስ ግን የያዘው ጊዜያዊ ወረቀት በየጥቂት ወሩ መታደስ አለበት። በ2019 የአገሩ ዋና ኦዲተር የተከማቸውን የይግባኝ መዝገብ ብቻ፣ አንድ አዲስ ሳይጨመር፣ አጣርቶ ለመጨረስ 68 ዓመት እንደሚፈጅ ገለጠ። ልብ በሉ! አንዱ ውሳኔ ስላልተሰጠ ሰልፈኛ ተፈጠረ፤ ሰልፈኛ ስላለ አዳሽ፣ ዘበኛና ደላላ አስፈለገ። በ2021 በኢንተርኔት ማደስ ሲፈቀድ ሰውዬው በአካል መቆሙ ግዴታ እንዳልነበረ ታወቀ። ውሳኔው ቢሰጥ ደግሞ ማደሱ ራሱ ባላስፈለገ ነበር።

ሦስተኛ፤ እንጀራ ከወንበር ጋር ታስሯል። ኬንስ በ1930 በመቶ ዓመት ውስጥ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ሠርቶ ያድራል ብሎ ተንብዮ ነበር። ማሽኑ መጣ፤ ዕረፍቱ ቀረ። አሜሪካዊው ዴቪድ ግሬበር በ2013 በጻፈው፣ በ2018 ወደ መጽሐፍ ባሰፋው ክርክር፣ በዕረፍቱ ፈንታ ሠሪው ራሱ ጥቅም የለውም ብሎ የሚያምንበት ሥራ በዛ አለ። ምን ያህል እንደ በዛ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። እኛን የሚያሳስበን ግን ፋብሪካና እርሻ ማስፋፋት ያቃተው መንግሥት በየዓመቱ ለሚመረቀው ወጣት ጠረጴዛ ማስፋፋቱ ነው።

እዚህ ላይ ተቃዋሚያችን ይነሣል። «ማኅተም መቺውም ልጆች አሉት፤ ሥራው ቢቀር ምን ይብላ?» ይላል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ግን የሰውዬው ልጆች የሚበሉት ደመወዙን እንጂ ማኅተሙን አይደለም። ደመወዙ የሚወጣው ከገበሬውና ከነጋዴው ግብር ነው፤ በዚያ ላይ ባለጉዳዩ «ነገ ና» እየተባለ የሚያጠፋው ቀን አለ። ያንኑ ሰው በዚያው ገንዘብ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለይግባኝ ሰሚነት ማብቃት ይቻላል። ሰውዬው ይዳን፤ ወንበሩ ይሻር!

ስለዚህ ከንቱ ሥራን ማስቀረት ይቻላልን? የአልበርት መንገድ ታሪክ ይቻላል ብሎ ይመሰክራል። ግን አለቃው በራሱ ፈቃድ አያስቀረውም፤ ተገልጋዩ ሲጠይቅ ነው። በ2025 በአዲስ አበባ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲከፈት ብዙዎች ተደሰቱ፤ መንገድ ማሳጠሩ መልካም ነው። ሆኖም ማኅተሞችን በአንድ ጣሪያ ሥር መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፤ የማያስፈልገውን ማኅተም መሻር ሌላ ነገር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ መጠየቅ ያለበት «ይህ ፊርማ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብቻ ሳይሆን «ባይኖር ማን ይጎዳል?» ነው።

በመጨረሻ ወቀሳውን ወደ ራሳችን እንመልስ። የዚያ ወንበር ዕጩዎች እኛ ነን። ዲግሪያችንን የምናቅፈው ብዙ ጊዜ ከገበያና ከእርሻ የምናመልጥበት ይለፍ አድርገን ነው። ቤተሰብም «ልጄ ቢሮ ገባ» ሲል እልል ይላል እንጂ እዚያ ምን እንደሚሠራ አይጠይቅም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት ከማውገዛችን በፊት፣ ተሹሞ ምንም ያልሠራስ ለምን አይቈጨውም ብለን እንጠይቅ።

ወንድሞችና እኅቶች! ወደ አገር ስንመለስም ሆነ በያለንበት ስንቀር አንድ ወንበር ይቀርብልናል። ከመቀመጣችን በፊት «ይህ ወንበር ባዶ ቢሆን ማን ይጎዳል?» እንበል። መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ የጀፕ ብርድ ልብስ ሻጭ ከእኛ ይልቅ ተምሯል።