ቀን ሲቈረጥ ነገር እንዳይቈረጥ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለመንገደኛ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ሕግ ለሚያወጡና ሕግ ለሚመረምሩ ሰዎችም ቢነገር የሚገባ ነው። ብዙ ሰው ስለ ፓርላማ ሲያስብ የሚታየው ትልቁ አዳራሽ፤ የተናጋሪዎቹ ንግግርና በመጨረሻ የሚቈጠረው ድምፅ ነው። ነገር ግን የአንድ ሕግ ዕድል ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ከዚያ ቀደም ብሎ በአንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፤ ይኸውም መቼ እንሰብሰብ፤ ማንን አስቀድመን እንስማ፤ ስንት ሰዓት እንስጠው በሚል ክርክር ነው። ይህ ክርክር ለተመልካች አሰልቺ ነው፤ ጋዜጣም አዘውትሮ አይጽፈውም። እኛ ግን ዛሬ ስለዚሁ አሰልቺ ነገር ጥቂት ለመናገር እንወዳለን፤ በስተ ኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚያ ትንሽ ክፍል ይወጣልና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምክር ቤት የቀረበለትን ጉዳይ ሁሉ በሙሉ ጉባኤ አበጥሮ ሊመረምር ስለማይችል፤ ከአባሎቹ ጥቂቶቹን መርጦ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ «ጉዳዩን መርምራችሁ እስከዚህ ቀን ድረስ ሪፖርታችሁን አቅርቡ» ብሎም ቀን ይቈርጥለታል። ቀኑ ከተቈረጠ በኋላ ጊዜ እንደ ገንዘብ ይሆናል። ሕጉ ቶሎ እንዲወጣ የሚፈልገው ወገን ገንዘቡን ቈጥቦ ለመያዝ፤ ሕጉን የሚጠላው ወገን ደግሞ ገንዘቡን በትኖ ለመጨረስ ይጥራል። አንዱ «ማታም እንቀመጥ» ሲል ሌላው «ሰነዱን ለማንበብ ጊዜ አልተሰጠንም» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ቀጠሮ ይመስላል፤ የሚሟገቱት ግን ስለ ሥልጣን ነው። ቀን የሚቈርጥ ሰው ማን እንደሚሰማና ማን ሳይሰማ እንደሚቀር አብሮ ቈርጧልና።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የካናዳ ታሪክ ነው፤ ቀኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን። ካናዳ ራሷን የቻለች አገር ሆና ሳለ፤ ሕገ መንግሥቷ ግን በ1867 ዓ.ም. በእንግሊዝ ፓርላማ የወጣ ሕግ ስለ ነበረ፤ ዋና ዋናውን ክፍል ለማሻሻል እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ወደ ለንደን መላክ ያስፈልግ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒየር ትሩዶ ይህን ለማስቀረት፤ ከዚህም ጋር የመብትና የነጻነት ቻርተር ለማስገባት አሰቡ። በሴፕቴምበር ወር 1980 ዓ.ም. ከክፍላተ አገሩ መሪዎች ጋር ያደረጉት ጉባኤ ያለ ስምምነት ስለ ተበተነ፤ በኦክቶበር 2 ቀን ማዕከላዊው መንግሥት ብቻውን እንደሚገፋበት አስታወቁ። ከአሥሩ ክፍላተ አገር የደገፏቸው ኦንታሪዮና ኒው ብራንዝዊክ ብቻ ነበሩ። በምክር ቤቱም ክርክሩ በድምፅ ብልጫ እንዲዘጋ ተደርጎ ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመራ።

ኮሚቴው 15 የሕዝብ እንደራሴዎችና 10 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች፤ በጠቅላላው 25 ሰዎች ነበሩት። ሴናተር ሃሪ ሄይስና እንደራሴው ሰርዥ ዡዋያል በአንድነት ሊቃነ መናብርት ሆኑ። መጀመሪያ የተሰበሰበው በኖቬምበር 6 ቀን 1980 ዓ.ም. ሲሆን፤ ሪፖርቱን እንዲያቀርብ የተቈረጠለት ቀን ዲሴምበር 9 ነበር። አንባቢ ሆይ፤ ቢቈጥሩት 33 ቀን ነው። ለአንድ ቤት ኪራይ ውል እንኳ ሰው ይህን ያህል ያስባል፤ ይህ ግን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሕገ መንግሥት ነበር።

የመንግሥቱን ወገን ምክንያት ያለ አድልዎ እንመልከተው። ጉዳዩ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ሲነሣና ሲወድቅ የኖረ ስለ ሆነ፤ ቀን ካልተቈረጠለት ሌላ ሃምሳ ዓመት ሊያልፍ ይችላል የሚል ሥጋት ነበራቸው። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። የተቃዋሚዎቹም ምክንያት ከንቱ አልነበረም። ሕዝቡ ያላየውና ያልሰማው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ሊባል አይችልም፤ ስለዚህ ስብሰባው በቴሌቪዥን ይታይ፤ ቀኑም ይራዘም አሉ። መንግሥቱ ቴሌቪዥኑን በመጀመሪያ ባይወደውም በኋላ ፈቀደ። ቀኑም ከዲሴምበር 9 ወደ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1981 ዓ.ም. ተዛወረ፤ ሪፖርቱ የቀረበው ደግሞ በፌብሩዋሪ 13 ቀን ነው። ስለዚህ 33 የነበረው ቀን 99 ሆነ፤ ልክ ሦስት እጥፍ ማለት ነው።

በተጨመረው ጊዜ ምን ተገኘበት? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ኮሚቴው በ56 ቀኖች ውስጥ 106 ጊዜ ተሰብስቦ 267 ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ከ914 ግለሰቦችና ከ294 ማኅበሮችም በጽሑፍ የቀረበ አሳብ ደረሰው። ቁጥር ብቻውን ግን ነገር አያበስልም፤ የተለወጠውን ማየት ይገባል። የመጀመሪያው ረቂቅ መብቶችን ከሰጠ በኋላ መንግሥት በቀላሉ እንዲገድባቸው በር የሚከፍት አንቀጽ ነበረበት። ብዙዎች ይህን ስለ ነቀፉ፤ የፍርድ ሚኒስትሩ ዣን ክሬቲየን በጃኑዋሪ 12 ቀን 1981 ዓ.ም. ቀርበው አንቀጹ እንዲጠብቅ፤ የሚገድብም ሁሉ የገደበበትን ምክንያት በግልጽ እንዲያስረዳ የሚያስገድድ ማሻሻያ አመጡ። የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በእኩልነት አንቀጽ ውስጥ በስም አልተጠቀሱም ነበር፤ በዚያው በጃኑዋሪ መጨረሻ ተጠቀሱ። የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች መብትም በዚያው ሰሞን ወደ ረቂቁ ገባ።

ስለ ቀደምቶቹ ሕዝቦች አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። በኖቬምበር 24 ቀን 1980 ዓ.ም. በአገሩ ምዕራብ ዳርቻ ከምትገኘው ከቫንኩቨር ብዙ ሰዎች በባቡር ተሳፍረው፤ አገሩን አቋርጠው፤ ቅሬታቸውን ለማሰማት ወደ ኦታዋ መጥተዋል። ጉዞውን ካነሣሡት አንዱ ጆርጅ ማንዌል ነበሩ። የተቈረጠው ቀን ሳይነቃነቅ ቢቀር ኖሮ እነዚህ ሰዎች ከባቡር ወርደው አቧራቸውን አራግፈው ሳይጨርሱ ሪፖርቱ ለማተሚያ በተዘጋጀ ነበር። ዋና ከተማ አጠገብ ያለና ጠበቃ ቀጥሮ የተቀመጠ ሰው በ33 ቀን ውስጥ ይደርሳል። ሩቅ ያለው፤ ድኻውና የሕግ ቋንቋ የማያውቀው ግን አይደርስም። አጭር ቀጠሮ ለሁሉ እኩል አጭር አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከልክ በላይ ማስዋብ አንፈልግም። ኮሚቴው ጊዜ ስለ ተጨመረለት ብቻ ጠቡ ሁሉ አልበረደም። የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 28 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ምክንያት መሪዎቹ እንደገና ለድርድር ተቀመጡ። በኖቬምበር 5 ቀን ዘጠኙ ክፍላተ አገር ሲስማሙ ኩቤክ አልተስማማችም። በዚያ ስምምነት የቀደምቶቹ ሕዝቦች አንቀጽ ተሰርዞ ነበር፤ ብዙ ጩኸት ከተሰማ በኋላ ጥቂት ተለውጦ ተመለሰ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት አዲሱን ሕገ መንግሥት በኦታዋ ያወጁት በኤፕሪል 17 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን የተሰረዘው አንቀጽ እንዲመለስ መጮኽ የተቻለው አስቀድሞ ተጽፎ ስለ ነበረ ነው፤ ያልተጻፈን ነገር «መልሱልን» የሚል የለም።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ቀን አይቈረጥ የሚል አይደለም። ቀን ያልተቈረጠለት ኮሚቴ እንደማይታጨድ እርሻ ነው፤ አረሙም እህሉም አብረው ያረጃሉ። እኛ የምንለው ቀኑ በሥራው ልክ ይቈረጥ ነው። አስቀድሞ የሚሰሙት ሰዎች ይቈጠሩ፤ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው ሰዓት ይደመር፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ ይወሰን። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚደረገው ግን የዚህ ግልባጭ ነው፤ ቀኑ መጀመሪያ ይወሰንና ሰዎቹ በቀኑ ልክ ይቀነሳሉ።

ሁለተኛ፤ ሪፖርት የሚጻፍበት ጊዜ ከሚሰማበት ጊዜ ተለይቶ ይጠበቅ። በመጨረሻው ሌሊት የተጻፈ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ከስብሰባው በፊት የተጻፈ ሪፖርት ነው። ሦስተኛ፤ አነስተኛው ወገን የራሱ የሆነ፤ ማንም የማይነካበት የተወሰነ ሰዓት ይሰጠው። የራሱ ሰዓት እንዳለው ያወቀ ሰው የሌላውን ሰዓት አይሰርቅም፤ ተነጥቄአለሁ የሚል ግን ለማዘግየት ሰበብ አያጣም። አራተኛ፤ ቀን ሲራዘም ምክንያቱ በግልጽ ይነገር፤ አዲሱም ቀን ይታወቅ። ምክንያቱ ያልተነገረ ማራዘሚያ ሌላ ማራዘሚያ ይወልዳል።

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር ስላለ ፓርላማ ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። አንባብያን ሆይ፤ ከእናንተ ውስጥ በዕድር፤ በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ኮሚቴ ያልተቀመጠ ጥቂት ነው። በዚያም «ለሚቀጥለው እሑድ ጨርሳችሁ አቅርቡ» ይባላል፤ በዚያም ሥራ ያለበት ሰው በማይችልበት ሰዓት ስብሰባ ይጠራና «አልመጣም» ተብሎ ይጻፍበታል። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ሊቀ መንበሩ ቀን ሊቈርጥ ሲነሣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ «በዚህ ቀን ሳይሰማ የሚቀር ማን ነው?» በሉት። መልሱ «ማንም የለም» ከሆነ ቀኑ ደኅና ነው፤ ይጽና። የሚቀር ሰው ካለ ግን ያን ሰው ጠብቁት፤ ሮጦ ታጥቆ ሮጦ ከመፍታት ቆሞ መታጠቅ ይሻላልና።