የቆለፍኩባቸው መጽሔቶች

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ አሮጌ መጽሔት ነው። «ቲቸር ደግሞ ጡረታ ወጥቶ ስለ አሮጌ ወረቀት ጀመረ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ ታገሡኝ።

ኤሌክትሮኒክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ፣ ከጠረጴዛዬ ጀርባ አንድ የብረት ቁም ሳጥን ነበረ። ውስጡ «73» የሚባል የአሜሪካ የአማተር ሬዲዮ መጽሔት ነበር፣ አርባ ምናምን እትም። አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልኝ የሄደው ነው። ስሙ ግር ካላችሁ፣ 73 በቴሌግራፍ ሠራተኞች ቋንቋ «መልካም ምኞቴ ይድረስህ» ማለት ነው። የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ዛሬም ሲሰነባበቱ ይሉታል። እነዚህ ሰዎች ፈቃድ አውጥተው፣ ብዙ ጊዜም መሣሪያውን በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ ከዓለም ዳር ካለ ሰው ጋር በአየር ሞገድ የሚገናኙ ናቸው። ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ። እኛም አገር አሉ፤ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ያለው የክለብ ጣቢያ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው።

73ን ዌይን ግሪን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1960 ጀመረው፤ እስከ 2003 ድረስ ታትሟል። የመማሪያ መጽሐፍ የማይነግራችሁን ነገር ይነግራችኋል። መጠምጠሚያው ስንት ዙር እንደሚጠመጠም፣ የጠፋው መለዋወጫ በምን እንደሚተካ፣ ከአንድ ጥቅል ሽቦ እንዴት አንቴና እንደሚወጣ። ሞክሮ ያቃጠለ ሰው ለሌላው «እዚህ ጋ ተጠንቀቅ» ብሎ የጻፈው ነው።

አሁን ኑዛዜዬን ስሙ።

በ1989 ዓ.ም. አንድ ተማሪዬ መጣና «ቲቸር፣ አንዱን እትም ለአንድ ሌሊት ያውሱኝ» አለኝ። ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ ሊሠራ ፈልጎ ነው። «ይጠፋል» አልኩት። እዚያው ቆሞ እንዲያነብ ብቻ ፈቀድኩለት። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ሥዕሉን በእርሳስ መገልበጥ ጀመረ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳይጨርስ ደወል ተደወለ። «ሁለተኛውን ሌላ ቀን ትጨርሳለህ» ብዬ ቆለፍኩት።

ሌላ ቀን የሚባል አልመጣም። ክረምት ላይ ክፍሉ ቀለም ሲቀባ ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ ወረቀቱ ሁሉ በኪሎ ተሸጠ። መስከረም ላይ ስመለስ የጠመኔ ካርቶን ተደርድሮበት አገኘሁት። ለዓመታት የሸጠውን ሰው ስወቅስ ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን መጽሔቶቹን ከአንባቢ የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ፤ ከመሸጣቸው በፊት።

ባለፈው ወር ያ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። ዛሬ ውጭ አገር የሚኖር፣ ልጆች ያሉት ትልቅ ሰው ነው። የ73 የቆዩ እትሞች ተስካን ተደርገው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ ይነበባሉ። ያን እትም ፈልጎ አግኝቶ ገጹን ላከልኝና ከሥሩ እንዲህ አለ፦ «ቲቸር፣ ሁለተኛዋ ገጽ ይቺት። ሃያ ምናምን ዓመት ፈጀች።» ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ።

የምለው አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ የጥቂት ሰዎች መጽሔት ሕትመቱ ሲያልፍ በዲጂታል ተቀድቶ ለማንም ክፍት ይሁን። በጣም የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ መግዛት የማይችለው ነውና።

«የትርፍ ጊዜ መጽሔት ምን ይረባል?» ለሚል ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ዛሬ ከጣሪያችሁ ላይ ያለው ዲሽ የሚያይበት፣ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ አንድ ቦታ የቆመ የሚመስለው ሳተላይት፣ ለመገናኛ እንዲውል አርተር ሲ. ክላርክ ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1945 «ዋየርለስ ወርልድ» በሚባል የእንግሊዝ የሬዲዮ መጽሔት ላይ ነው። «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» ደግሞ በጥር 1975 ሽፋኑ ላይ አልቴር 8800 የሚባል፣ ገዝተህ የምትገጣጥመው ኮምፒውተር አወጣ። ያንን እትም ፖል አለን አይቶ ለጓደኛው ለቢል ጌትስ ወስዶ አሳየው። ማይክሮሶፍት ከዚያ ተነሣ። እያንዳንዱ እትም እንዲህ ነው አልልም፤ አብዛኛው ተራ ነው። ግን የትኛው ተራ እንዳልሆነ በወቅቱ ማን ያውቃል?

የመብት ጥያቄ አለ፤ አልክድም። እኔም ጽሑፌን ሳይጠይቅ የወሰደብኝን ሰው ስረግም ኖሬአለሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 በታሲኒ ጉዳይ ለነፃ ጸሐፊዎች ፈረደ፤ ጽሑፋቸው ከጋዜጣው ተነጥሎ ያለ ፈቃዳቸው ዳታቤዝ ውስጥ መግባቱ ልክ አይደለም ብሎ። ናሽናል ጂኦግራፊክ ግን የቆዩ እትሞቹን ገጽ በገጽ እንዳሉ በሲዲ ስላወጣ፣ ከሰሰው ፎቶግራፍ አንሺ ጋር ዓመታት ተሟግቶ በ2008 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደለት። አሳታሚ ለሆነ ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ገጹን አትቆራርጥ፣ እንዳለ ቅዳው። እኔ ደግሞ እጨምራለሁ፦ ማስታወቂያውንም አትዝለል። የዚያን ጊዜ አንድ ትራንዚስተር ስንት ይሸጥ እንደነበር የምታውቁት ከማስታወቂያው ነው።

ሌላው ክርክር የገንዘብ ነው። «ኪውኤስቲ» እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ የሚታተም የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር መጽሔት ነው፤ የዲጂታል ክምችቱን የሚከፍተው ለአባላት ነው። ማኅበር ያለ መዋጮ አይቆምም፤ ይገባኛል። የዘንድሮውን ይቆልፉ። የሃምሳ ዓመቱን ግን ማን ብሎ ሊገዛው ነው? ሕጉን ብቻ እንጠብቅ ካልን ደግሞ በአሜሪካ የዚያ ዘመን ሕትመት ጥበቃው እስከ 95 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። እስከዚያ መጽሔቱን የሚያስታውስ ሰው አይተርፍም። ስለዚህ ባለመብቱ በሕይወት እያለ መጠየቅ ነው። «እሺ» የሚለው ሰው ከምናስበው በላይ ብዙ ይመስለኛል። ችግሩ ጠያቂ አለመኖሩ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ለፈረንጅ መጽሔት ብቻ አይደለም። እናንተ ቤት ምን አለ? የትምህርት ቤት ክለብ መጽሔት፣ በስቴንስል የተባዛ የሬዲዮ ጥገና ማስተማሪያ፣ የፎቶ ወይም የቴምብር ሰብሳቢዎች በራሪ ወረቀት? አልጋ ሥር ካለ አውጡት። ስካነር ከሌለ የስልክ ካሜራ ይበቃል፤ በቀን ብርሃን፣ ገጹን ዘርግታችሁ፣ ጥላ ሳይኖር። ከሽፋን እስከ ሽፋን ይሁን። ቀኑንና ቁጥሩን በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ። ፋይሉንም አታክብዱት፤ የሚያወርደው ልጅ ጥቅል ገዝቶ ነው። ለሰው ከማሰራጨታችሁ በፊት ያዘጋጁትን ሰዎች ፈልጋችሁ አስፈቅዱ።

እኔ ከራሴ ጀምሬአለሁ። ያስተማርኩበትን የላቦራቶሪ ማስታወሻ፣ በእጄ የሣልኳቸውን የሰርኪዩት ሥዕሎች፣ ስህተቶቻቸው ጭምር፣ በየሳምንቱ እዚህ እለጥፋለሁ። የራሴ ስለሆኑ ማንንም ማስፈቀድ የለብኝም፤ የፈለገ ይውሰድ።

ለዚያ ልጅ ደግሞ እዚሁ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያን ቀን ብትወስደው ኖሮ ቢያንስ አንዱ እትም ከመሸጥ ይተርፍ ነበር።

73፣ ልጆቼ።